ድንጋይ ያጣው ፀጉር አስተካካይ

ኮምቦልቻ ውስጥ ፀጉር ያለው ሰው ሁሉ በአንዳርጌ እጅ አልፏል፤ ፀጉር የሌለውም ቢሆን ለወሬው ሲል ይመጣል። መቀሱ መንጫጨት ሲጀምር ቦርከና ወንዝ እንኳ ለማዳመጥ ፈሰሱን ገታ ያደርጋል ይባላል፤ የሚለው ግን ከአንዳርጌ በቀር ማንም የለም። በግራ እጁ አንጓ ዙሪያ እንደ አምባር የዞረ ጠባሳ አለው። ነብር ነው። በበጋ ሲተረክ አንድ ነብር ነው፤ በክረምት፣ ደንበኛው ዝናብ ይዞት መውጫ ሲያጣ፣ ነብሩ ሚስቱን ከነአማቱ አስከትሎ ይመጣል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በአንድ ደህና ማክሰኞ ረፋድ ላይ የልብ ወዳጁን፣ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ሰይድ ይማምን፣ በወንበር መትቶ መንጋጋውን የሰበረው።

ነገሩ በቀልድ ነው የተጀመረው። አንዳርጌ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ሲጠርግ ሰይድ የሱቁን በር ከውጭ ገጠመና ቁልፉን አዞረው። «እንግዲህ ነብርህን ጥራው፣ ያውጣህ!» አለና በሳቅ ፈነዳ። እሱ ሲስቅ ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ብዙም አልቆየም፤ የሰይድ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ በሩ ተከፈተ፤ ሰይድ እየሳቀ አንገቱን አስገባ፤ ወንበሩ መጣ። ከዚያ ውስጥ አንዳርጌ የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጆሮውን የሞላው ነጎድጓድና ወለሉ ላይ ከደንበኛ ፀጉር ጋር የተጋደመው ወዳጁ።

ነጎድጓዱ አዲስ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ሐኪም ቤት ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው። በነጋታው ሐኪሟ «ክኒኑን እየዋጥክ ነው?» አለችው።

«በእፍኝ በእፍኝ ነዋ» አላት።

ዘመኑ «ማን መታ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ዘመን አይደለም። ጥያቄው «መቺውን በልጅነቱ ማን መታው?» ነው። ስለዚህ አገሩ ለልጅ ያለው ጥንቃቄ ለጉድ ነው። እናት ልጇን ከመቆጣቷ በፊት ጎረቤት ትጠራለች፤ «እትዬ፣ ልቆጣው ነውና ቢመሰክሩልኝ» ትላለች። ምስክሯ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ እናትየዋ በልኩ ትቆጣለች፤ ልጁም «ተስማምቶኛል» ብሎ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ከያዘ ዘመን አልፎታል። ወህኒ ቤቱ የሽንኩርት መጋዘን ሆኗል። አየር ላይ የሚበሩት ታክሲዎች ረዳቶች ሳይቀሩ ሕፃን የያዘ ተሳፋሪ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደሴ፣ ደሴ» ይላሉ፤ በአንዳች ነገር አስደንግጠውት በኋላ ዘመኑ ድንጋይ እንዳያሸክማቸው።

ድንጋዩ እንዲህ ነው። ጥንት በሬ ሲሰረቅ አገሬውን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ የማያስነሣ ወግ ነበር፤ አውጫጭኝ ይሉታል። ጥንት ደግሞ የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ላይ ይወድቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ወጎች አጋብቷቸዋል። ሰው ሰውን ሲጎዳ ለጉዳቱ የሚመጥን አለት ከቦርከና ይወጣል። ጎጂው ያደገበት ሰፈር ሰው ሁሉ ለአደባባዩ ጥላ እንዲሆን ከተሠራው የብረት ዋርካ ሥር ይቀመጣል። ልጅነቱ ከትዝታው ወጥቶ ይታያል፣ አለቱ ይፈለጣል፤ ያኔ የመታው፣ ያየው፣ ሰምቶ ያለፈው ሁሉ ድርሻውን አንሥቶ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሸከማል። ተበዳዩ «አውርዱ» ሲል ነገር አለቀ። ከአለቱ የተረፈ ካለ የጎጂው የራሱ ነው።

ምንም ካልተረፈስ? ያን ጊዜ ሰውየው ንጹሕ ይባላል። ንጹሕ መሆንን ደግሞ አያድርስ ነው። እጁ የሱ አይደለማ፤ ያባቱ ነው፣ ያስተማሪው ነው፣ የሰፈሩ ነው። የሱ ያልሆነ እጅ ሞግዚት ያስፈልገዋል ተብሎ ከክርን እስከ ጣት የሚደርስ ስስ እጅጌ ይለብሳል። ሥጋ ቆራጩ ይመኑ ንጹሕ ከወጣ ወዲህ ቢላ ባነሣ ቁጥር እጁ አየር ላይ ቀጥ ይላል። እጅጌው በለሆሳስ «ለምን ፈለግከው ይመኑ?» ይለዋል። «ለጥብስ» ይላል። «ተረጋግተሃል?» «ተረጋግቻለሁ።» ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። አንድ ቀን ሚስቱን ሊያቅፍ እጁን ቢዘረጋ «ለምን ፈለግካት?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ይመኑ መልስ እስኪያስብ ሴትዮዋ ተኝታለች።

ምላጭ ይዞ ከሰው ጉሮሮ ላይ የሚውል ሰው እንዲህ ያለውን እጅጌ ለብሶ ምን ይሠራል? አንዳርጌ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ አጣ። የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ሰይድ።

መንጋጋው በሽቦ የታሰረውን ሰይድን ቤቱ ደጃፍ ላይ ትራስ ተደግፎ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ሲመጥ ነው ያገኘው። ቃላቱ በጥርሱ መሐል እንደ ክር እየሾለኩ ይወጣሉ።

«ሰይዶ፣ ልለምንህ ነው የመጣሁ» አለ አንዳርጌ።

«ድንጋይህስ?»

«አውጫጭኙ ሐሙስ ነው።»

«እንግዲያው ሐሙስ ና። ባዶ ትከሻህን አታሳየኝ።»

«ባይደርሰኝስ? ያ ሰፈር እንደሆነ ታውቀዋለህ። ለቅሶ ላይ እንኳ ሬሳውን እኔ ልሸከም ብለው የሚጣሉ ሰዎች ናቸው። ፍርፋሪ አይተዉልኝም።»

ሰይድ ቱቦውን ከአፉ አወጣ። «ታዲያ የድሮ ጎረቤትህ ጋሽ ደምሌ መጥተው እግሬ ላይ ይወድቃሉ። እሳቸውን ምን ብዬ ልቀየም? ሱሪያቸውን ሳሳጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ወላሂ አንዳርጌ፣ ይቅርታም እንደ ሱሪ ነው፤ ባለቤቱን ካልለካሁ አልሰፋውም።»

«ሽማግሌ ብልክስ?»

«ሽማግሌውም ድንጋይ ይያዝ። አሁን ሂድ፤ ስናገር ያመኛል፤ ያመመኝም ካንተ ነው።»

ሐሙስ የመጣው ሕዝብ ኮምቦልቻን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏት ዋለ። የብረቱ ዋርካ ቅጠሎቹን ዘርግቶ ቀዝቃዛ ጠብታ ያንጠባጥባል። አለቱ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ጥጃ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ወንዝ ያለሰለሰው። ተበዳይ አውጫጭኝ ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሰይድ የለም፤ ወሬ የሚያደርሱለት ሰዎች ግን ከዳኛዋ ወንበር ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ዳኛዋ ወይዘሮ ይርገዱ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ልጅ የሚያስተኛ።

«ልጅነቱ ይውጣ» አሉ።

ልጅነቱ ወጣ። ከዋርካው ሥር፣ ከአለቱ አጠገብ፣ የሰባት ዓመት አንዳርጌ በጥላ ተሠርቶ ተቀመጠ። ጠባብ ክፍል ነው። ግራ እጁ ከአልጋው እግር ጋር በገመድ ታስሯል። ከውጭ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ፤ ያባቱ ኮቴ ራቀ። ልጁ መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ ለመነ። ቀጥሎ እጁን ከገመዱ ለማውጣት መጎተት ጀመረ፤ ሲጎትት፣ ሲጎትት። በመጨረሻ ጆሮውን በአንድ እጁ ይዞ ራሱን ግድግዳው ላይ ደገፈ፤ ያ ነጎድጓድ የገባው ያኔ ነው።

ከሕዝቡ አንድ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ነብሩስ?» አለ።

አንዳርጌ የልጁን ፊት ማየት አልቻለም። የልጁን ፀጉር ነው የሚያየው። ባንድ በኩል ገብቷል፣ በሌላው ጎፍሯል፤ በልብስ መቀስ የተቆረጠ ይመስላል። «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» ብሎ አሰበ፤ ጣቶቹ ለማስተካከል ሲነሡ ያዛቸው።

«አባቱ ሞቷል» አሉ ዳኛዋ። «ሙት ድንጋይ አያነሣም። ድርሻው ለቀሩት ነው። አንዳርጌ፣ የምትለው አለህ?»

አንዳርጌ ተነሣ። ደረቱን ነፋ። «አለኝ እንጂ ክብርት ዳኛ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። አለቱን ሳትፈልጡ አምጡልኝ። ሌላም አለት ካለ ጨምሩበት። እኔ እኮ ድሮ ከነብሩ ጋር...»

ሕዝቡ ሳቀ። ደግ ሳቅ ነው፤ የጎረቤት ሳቅ። «ጀመረው ደግሞ» አሉ። «አለቱን ከነቦርከና ይሸከማል አሁን!» ዳኛዋም ፈገግ አሉና «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። በሕይወቱ ሙሉ አጋንኖ የተናገረ ሰው፣ ጥፋትን ሲያነሣም አጋነነ ተባለ።

አለቱ ተፈለጠ።

መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ ደምሌ ናቸው፤ ከነአንዳርጌ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ የነበሩ ሽማግሌ። ማንንም ሳያዩ አንድ ቁራጭ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሠርግ ቤት ካልሆነ በቀር የትም አይታይም።

«ኧረ በሞቴ፣ ይቺን ለኔ ተዉልኝ!»

«አይሆንም፣ እኔ እያለሁ እርስዎ ሊያነሡ ነው? አፈር ስሆን ይቀመጡ።»

«እኔ እኮ በደጁ አልፌያለሁ!»

«እኔ ሁለቴ አልፌያለሁ!»

አንዱ ከሰመራ ድረስ በአየር ታክሲ መጥቷል፤ «ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ባዶ ትከሻዬን ልመለስ?» ብሎ ካንዲት ባልቴት ላይ ቁራጭ ሊነጥቅ ደረሰ። እትዬ ሸጊቱ፣ የሰፈሩ ትልቋ ነጋዴ፣ ሽበት የጀመራቸው ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ትልቁን ቁራጭ አስነሡ። አንድ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ፍርፋሪውን ጠርጎ ኪሱ ከተተ። አቧራው ሳይቀር ባለቤት አገኘ።

እውነት ለመናገር ድንጋይ መሸከም ከባድ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ዓመት ሙሉ ድንጋይ ያልደረሰው ሰው ዘመድ እንደሌለው ይቆጠራል። ተሸክሞ በከተማው መሐል ማለፍ፣ «አይዞህ» መባል፣ ከዚያ አብሮ ምሳ መብላት፤ ደስ የሚል ቀን ነው።

ዳኛዋ ባዶውን መሬት አዩ። «አንዳርጌ ንጹሕ ነው» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንድ ወጣት ሠራተኛ እጅጌዎቹን በሣጥን ይዞ ቀረበ። ስስ ናቸው፣ ያበራሉ። የቀኙን ሊያለብሰው ሲዘረጋ እጅጌው ገና ከሣጥኑ ሳለ «እንዴት ዋልክ አንዳርጌ» አለ። ድምፁ ደግ ነበር።

«ክኒኑን ትቼው ነበር» አለ አንዳርጌ።

ድምፁ ትንሽ ስለነበረ ዳኛዋ ጎንበስ አሉ። «ምን አልክ?»

«ክኒኑን። ስውጠው ነጎድጓዱ አይመጣም። ግን ወሬዬም አይመጣም። ነብሩን ስጀምረው ድመት ያክልብኛል። ደንበኛ እያዛጋ ተላጭቶ ሲወጣ አየሁና ተውኩት። ሐኪሟንም ዋሸኋት።» እጆቹን ከሣጥኑ ራቅ አደረጋቸው። «ሰይድ ደግሞ የተዘጋ በር እንደማልችል አያውቅም። ማን ይንገረው? ነብር ታገልኩ ያልኩት እኔ ነኝ። ነብር የታገለ ሰው በር ቢዘጋበት ይስቃል ብሎ ነው የዘጋው። እውነቱን አንድ ቀን ብነግረው ኖሮ ያ በር አይዘጋም ነበር። እኔን ያሰረኝ አባቴ ነው፤ እሱን የወሰዳችሁትን ውሰዱት፣ አልፈልገውም። ይቺ ግን የኔ ናት። ትንሽ ናት። መልሱልኝ።»

ከአንዳርጌ አፍ ወጥቶ ያላደገ ነገር ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ስለነበረ ጭብጨባም ሳቅም ጠፋ።

«አለቱ ተነሥቶ አልቋል» አሉ ዳኛዋ። «የሚመልስለት አለ?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ድንጋይን ማንሣት ክብር ነው፤ መመለስ ግን ከነገሩ መሸሽ ይመስላል። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ትከሻ አየ። ከዚያ ሁሉም ዓይን ጋሽ ደምሌ ላይ አረፈ፤ የሳቸው ቁራጭ ለአንዳርጌ የሚበቃ ትመስላለች።

«እኔን አትዩኝ» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ይቺን ለማንም አልሰጥም። ግድግዳው የጭቃ ነበር። ልጁ ሲተነፍስ ሳይቀር ይሰማኛል። ‹የሰው ጓዳ ነው› አልኩና ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።» ድንጋዩን ይበልጥ ወደ አንገታቸው አስጠጉት። «ዘፈኑንም አስታውሰዋለሁ።»

ዳኛዋ ፊታቸውን ወደ ትልቁ ቁራጭ አዞሩ። «እትዬ ሸጊቱ፣ እርስዎስ ምን ሰምተው ነበር?»

«እኔ?»

«ትልቁን ያነሡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ... እንግዲህ መቼም...» አሉ እትዬ ሸጊቱ። ልጆቻቸው በድንጋዩ ሥር ያልባቸዋል።

«ሰፈሩ የገቡት መቼ ነው?»

እትዬ ሸጊቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ስገባ እሱ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እንዲያውም እነዚህን ልጆቼን የላጨልኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ የልጅነቱን ድንጋይ ለምን አነሡ?»

«ምን ላድርግ ክብርት ዳኛ? ሰው ሁሉ ሲያነሣ እኔ ባዶ ትከሻዬን ልቁም? ነገ ምን ይሉኛል?» ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። «አውርዱት በሉ። ስጡት። መጀመሪያም ባለቤት ያለው ዕቃ ነው።»

ድንጋዩ ሲወርድ መሬቱ ደነገጠ። ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ሌላ ድንጋይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ማሳል። ቀጥሎ ሌላ። የሰመራው ሰውዬ ቁራጩን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ኪሱን ያራገፈም ነበረ።

ዳኛዋ የእትዬ ሸጊቱን ድንጋይ በዓይናቸው መዘኑ። «ትንሽ ናት ካልከው ይበልጣል፣ አንዳርጌ።»

«ይሁን» አለ። «ትንሽ ማለት ገና አዲሴ ነው፤ ልኩን ስቼው ይሆናል።»

ሣጥኑ ተዘጋ። እጅጌው ከውስጥ «ደህና ዋል» ሲል ተሰማ።

ጎንበስ ብሎ አነሣው። ካንዴም ሁለቴ አቃተው፤ ሊረዱት የመጡትን በክርኑ መለሳቸው። በሦስተኛው ትከሻው ላይ ወጣ። ከዋርካው ሥር እስከ ሰይድ ደጅ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ለተሸከመ ሰው ቁልቁል ከዳገት ይብሳል። ጋሽ ደምሌ ከጎኑ ይሄዳሉ። አልተነጋገሩም። ከኋላቸው ሕዝቡ ይከተላል፤ ባዶ ትከሻ የበዛበት እንዲህ ያለ ሰልፍ ከተማው አይቶ አያውቅም።

ሰይድ ደጃፉ ላይ ነበር። ወሬው በአየር ታክሲ ሳይሆን አይቀርም ቀድሞ ደርሶታል። ገና ጋሽ ደምሌን ሲያይ ከትራሱ ተነሣ። «ጋሼ፣ በአላህ፣ አውርዱት፣ እኔን አያሳፍሩኝ።»

«አንተን አልበደልኩህም፣ ሰይድ» አሉ ጋሽ ደምሌ። ወደ አንዳርጌ ዞሩ። ሸምግለዋል፤ አንዱ ድንጋይ ከተሸከመ ሰው ፊት ሌላው ድንጋይ የተሸከመ ቆመ። ሕጉ ይህን አያውቀውም። የአንዳርጌ አፍ ተከፈተ፤ ብዙ ነገር ሊመጣለት የሚገባ ሰው ነበር።

«አውርዱት ጋሼ» ብቻ አለ።

አወረዱት።

«ጥሩ» አለ ሰይድ በጥርሱ መሐል። «ካሳ ለሌላው፣ ይቅርታ ለሌላው፤ የኔ መንጋጋ ለወግ ነው የተሰበረው?» ተመልሶ ተቀመጠ። አንዳርጌን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ለሱሪ እንደሚለካ። አንዳርጌ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ መጥረጊያ እጅ የለውም።

«ክኒኑንስ?»

«ዛሬ ጠዋት ዋጥኩ።»

«እስቲ እንግዲያው ንገረኝ፤ ምን ያህል ይከብዳል?»

ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። ዝሆን ይላል ብሎ የጠበቀ ነበር። የደሴን ተራራ ከነጅቦቹ የጠበቀም ነበር። ሰይድ ራሱ በሽቦው ሥር ለሳቅ የተዘጋጀ ይመስላል። አንዳርጌ ድንጋዩን በትከሻው ላይ ገፋ አድርጎ አስተካከለው። አሰበ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ያህላል» አለ።

ሰይድ የሾርባ ቱቦውን አስቀመጠ።

«ቀስ ብለህ አውርደው» አለው።